ዋጋው የወረደ ታብሌት ለነጋዴ ያዋጣልን?

በንግድ ዓለም ዋጋው የወረደ ዕቃ ሁሉ ርካሽ አይደለም፤ ዋጋው ከፍ ያለ ዕቃም ሁሉ ውድ አይደለም። ይህ አባባል እህልና ጨርቅ፣ ቡናና ቆዳ ሲያገበያዩ ለኖሩ ነጋዴዎች አዲስ ትምህርት አይደለም። ሆኖም ዘመናዊ መሣሪያዎች ወደ ሱቁ ጠረጴዛ በመጡ ጊዜ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይመስላል። ጤፍ ሲገዛ ዘግኖ በመዳፉ ላይ የሚመረምረው፣ በርበሬ ሲገዛ አሽትቶ የሚለየው ነጋዴ፣ ታብሌት ሲገዛ ግን በካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕልና የተጻፈውን የቅናሽ ዋጋ ብቻ አይቶ ገንዘቡን ይቆጥራል። ስለዚህ ጉዳዩን በሚዛን ላይ አስቀምጦ መመልከት ተገቢ ነው።

ዛሬ በአዳማ ገበያ፣ እንዲሁም በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ፣ ታብሌት የመዝናኛ ዕቃ መሆኑ እየቀረ የሥራ መሣሪያ ወደ መሆን ተሸጋግሯል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ ትንሹ ባለሱቅ ሳይቀር ገንዘብ በስልክ መቀበልን ለምዷል። ላኪው የቦሎቄውን ናሙና ፎቶግራፍ አንሥቶ በውጭ አገር ላለው ገዢ ይልካል። አስመጪው የዋጋ ማቅረቢያውንና የጭነቱን ሰነድ በስክሪን ላይ ያነባል። ቸርቻሪው ደግሞ ዱቤውንና ክምችቱን መዝግቦ ይይዛል። ለዚህ ሁሉ ሥራ ከስልክ ሰፋ፣ ከኮምፒዩተር ቀለል ያለ መሣሪያ ቢፈለግ የሚያስገርም አይደለም።

ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲተመን ዋጋው ከፍ ብሏል። ስመ ጥሩዎቹ የአፕልና የሳምሰንግ ታብሌቶች ከብዙ ባለሱቅ ዐቅም በላይ ሲሆኑ፣ በጎናቸው ስሙ እምብዛም ያልታወቀ፣ ወይም በአንድ ወቅት ታውቆ የተረሳ ታብሌት በግማሽ ዋጋ ይቀርባል። እንግዲህ ይህን የተናቀ ዕቃ መግዛት ብልኅነት ነው ወይስ ገንዘብ መጣል? በአንድ ቃል መመለሱ ቀላል ነው፤ ትክክለኛ ግን አይሆንም። አስቀድሞ ዋጋው የወረደበትን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋልና።

የአንድ ታብሌት ዋጋ ከሦስት ምክንያቶች በአንዱ ይወርዳል። አንደኛው፣ ሠሪው ድርጅት የገዢውን ፍላጎት አብዝቶ ገምቶ ዕቃው በመጋዘን ሲከማችበት ነው። ሁለተኛው፣ ሠሪው ዕቃውን እርግፍ አድርጎ ሲተወው፣ ወይም ለመሣሪያው የሚያስፈልገው አገልግሎት ሲቋረጥበት ነው። ሦስተኛው፣ ዕቃው አርጅቶ፣ በሌላ ሰው እጅ ቆይቶ ወይም ተቆልፎ ሲመጣ ነው። በመጀመሪያው ምክንያት የወረደ ዋጋ ለገዢው ሲሳይ ሊሆን ይችላል፤ በሁለተኛው የወረደ ጥንቃቄ ይሻል፤ በሦስተኛው የወረደ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኪሣራ ነው። ሦስቱም በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ በአንድ ዓይነት የቅናሽ ወረቀት ሥር መቀመጣቸው ነገሩን ያከብደዋል።

የቅርብ ዘመን የንግድ ታሪክ ለዚህ በቂ ምስክር አለው። ኤችፒ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጁላይ ወር 2011 ታችፓድ የተባለ ታብሌት ከ499 ዶላር ጀምሮ ለገበያ አቀረበ። ሁለት ወር ሳይሞላው፣ በኦገስት 18 ቀን፣ ሥራውን እንደሚያቆም አስታወቀ። ወዲያው ዋጋው ወደ 99 ዶላር ቢወርድ ሕዝቡ ተሻምቶ ጨረሰው። መሣሪያው በአሠራሩ መልካም ነበር፤ ነገር ግን የሚንቀሳቀስበት ሶፍትዌር የራሱ ብቻ ስለ ነበረ፣ አዲስ መተግበሪያ የሚሠራለት ሰው እየጠፋ ሄደ። ብላክቤሪም በዚያው ዓመት ፕሌይቡክ የተባለውን ታብሌቱን በ499 ዶላር ጀምሮ ወደ 199 ዶላር አወረደው፤ በመጋዘን በተከማቸው ዕቃ ምክንያትም 485 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከሂሳቡ መሰረዝ ግድ ሆነበት። ከዚያም በ2013 አዲሱን ሶፍትዌር ለፕሌይቡክ እንደማይሰጥ ገለጸ። በቅናሽ የገዛው ሰው መስተዋቱ ሳይሰበር፣ ባትሪው ሳይደክም፣ መሣሪያው በእጁ ላይ አረጀ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለአዳማ ነጋዴ የሚቀርበው ምሳሌ ግን በደጁ ይገኛል። ሞቶሮላ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ላይ ዙም የተባለ ታብሌት በ800 ዶላር ያህል ዋጋ አወጣ። የአፕል አይፓድ ከ499 ዶላር ጀምሮ ይሸጥ ነበርና ገበያው ፊቱን አዞረበት። በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ሩብ አፕል 4.69 ሚሊዮን አይፓድ ሲሸጥ፣ ሞቶሮላ ለነጋዴዎች የላከው ዙም 250 ሺህ ብቻ ነበር። ዋጋውም ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ወረደ። ታዲያ ይህ ገበያ የናቀው ታብሌት በ2004 ዓ.ም. ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ ከምትገኘው ከወለንጪቲ ደረሰ።

ያመጣው «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ ታብሌቶቹን በወለንጪቲና በወንጪ በሚገኙ ሁለት የገጠር መንደሮች ለሚኖሩ፣ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ሰጠ። በእያንዳንዱ መንደር 20 ያህል ልጆች ነበሩ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፣ ካርቶኖቹ እንደ ታሸጉ ቢቀመጡ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ልጆቹ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ነበር። የሙከራው የትምህርት ውጤት ለባለሙያዎች ክርክር ይተው። ለነጋዴ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው፤ ይኸውም በገበያ የተሸነፈው ዕቃ በገጠር መንደር ሥራውን የሠራበት ምክንያት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አስቀድሞ ሥራው ታውቆ፣ ለዚያ ሥራ የሚሆኑት መተግበሪያዎች ተጭነው ነበር። መብራት ስላልነበረ በፀሐይ ኀይል የሚሞላ መሣሪያ አብሮ ተተከለ፤ በመንደሩ ያሉ ጎልማሶችም አጠቃቀሙን ተማሩ። ባለሙያ በየሳምንቱ እየሄደ የማስታወሻ ካርዱን ይለውጥ ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጆቹ የያዙት ታብሌት አንድ ዓይነት ስለ ነበረ፣ አንዱ ያወቀውን ለሌላው ያሳይ ነበር። አንድ ሰው ከሱቅ አንድ ዙም ገዝቶ ብቻውን ወደ ቤቱ ቢሄድ ከነዚህ ሁሉ አንዱንም አያገኝም ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ የማይወደድ ዕቃ ዋነኛ ጉድለቱ መጥፎ መሆኑ ሳይሆን ብቸኛ መሆኑ ነው።

የዕቃ ዝና ለከንቱ ውዳሴ የሚሆን ነገር አይደለም። ዝና ማለት መለዋወጫ ነው፤ ዝና ማለት የሚጠግን እጅ ነው፤ ዝና ማለት ነገ ሲሸጥ የሚገኝ ገንዘብ ነው። ብዙ ሰው የያዘው ታብሌት መስተዋቱ ቢሰነጠቅ፣ በአዳማ የሞባይል ጥገና ቤቶች ምትኩን ማግኘት አያስቸግርም። ማንም ያልያዘው ታብሌት ግን መስተዋቱ በተሰነጠቀ ዕለት ሙሉ ዕቃው ሞተ ማለት ነው፤ ጠጋኙ ቢሰለጥንም የሚተካው ነገር የለውምና። ስለዚህ ገዢው በቅናሹ ያገኘው ገንዘብ ስጦታ ሳይሆን፣ ዝና ሊሰጠው ይችል የነበረውን አገልግሎት በመተው የተከፈለው ካሣ ነው። ካሣው በቂ መሆን አለመሆኑን መመዘን የገዢው ፈንታ ነው።

መመዘኛውም ከባድ ሂሳብ አይጠይቅም። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ስመ ጥሩው ታብሌት 21 ሺህ ብር፣ ቅናሹ ደግሞ 12 ሺህ ብር ነው እንበል። ስመ ጥሩው አራት ዓመት አገልግሎ በመጨረሻ 5 ሺህ ብር ቢሸጥ፣ ባለቤቱ የከፈለው 16 ሺህ ብር ነው፤ ይህም ለ48 ወር ሲካፈል በወር 333 ብር ያህል ይመጣል። ቅናሹ ግን ሲሸጥ ምንም የማያወጣ ነው ብንል፣ አንድ ዓመት ተኩል ብቻ ቢያገለግል በወር 667 ብር ያህል አስወጣ ማለት ነው፤ ርካሹ እጥፍ ውድ ሆነ። ሦስት ዓመት ቢያገለግል ግን ሂሳቡ ከስመ ጥሩው ጋር እኩል ይመጣል። እንግዲህ ገዢው ሊጠይቀው የሚገባው «ስንት ቀነሰ?» ብሎ ሳይሆን «ሦስት ዓመት ይቆይልኛልን?» ብሎ ነው።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ፤ እርሱም መታለፍ የለበትም። በመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚነግድ ሰው፣ ወይም በአዳማ ሳሙናና ስኳር የሚቸረችር ባለሱቅ፣ የቀረችው 9 ሺህ ብር በእጁ ተኝታ አትቀመጥም። ያችን ገንዘብ በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ አዙሮ ሊያተርፍባት ይችላል። ዋና ገንዘቡ አነስተኛ የሆነ ነጋዴ ጥሬ ገንዘቡን በውድ መሣሪያ ላይ አስሮ ሱቁ ባዶ ቢሆን ምን ይጠቅመዋል? ይህ እውነት ነው። እውነትነቱ የሚጸናው ግን ቅናሹ ታብሌት በሥራ መካከል ተሰብሮ ሁለተኛ እንዲገዛ ካላስገደደው ብቻ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» እንዲሉ፣ ምርመራው ከግዢው በፊት መደረግ አለበት።

ምርመራውም እንደሚከተለው ቢሆን ይበጃል። በመጀመሪያ ሶፍትዌሩ ይታይ። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 24 ቀን 2023 ጀምሮ ከአንድሮይድ 5 በታች በሆኑ የአንድሮይድ መሣሪያዎች ላይ መሥራት አቁሟል፤ ከላይ የተነገረው ዙም በሠሪው በኩል የደረሰው እስከ አንድሮይድ 4.1 ብቻ ነበርና፣ ዛሬ በአዲስ ካርቶን ታሽጎ ቢገኝ እንኳ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በሁለተኛ ደረጃ አገልግሎቱ ይታይ። ለምሳሌ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 በሁዋዌ ላይ እገዳ ከጣለ በኋላ አዲስ የወጡት የዚህ ኩባንያ ታብሌቶች፣ አሠራራቸው የጠነከረ ቢሆንም የጉግል አገልግሎት ሳይጫንባቸው ነው የቀረቡት። የአማዞን ፋየር ታብሌቶችም የሚሸጡት ያለ ጉግል የመተግበሪያ መደብር ነው። ስለዚህ ገዢው በሻጩ ፊት የባንኩን መተግበሪያ፣ ቴሌብርንና የሚጽፍበትን የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ፊደል ጭኖ ሳያይ ገንዘብ መክፈል የለበትም።

በሦስተኛ ደረጃ መሥመሩ ይፈተን። ሲም ካርድ የማይቀበል ታብሌት አለ፤ ሲም የሚቀበል ሆኖ ለሌላ አገር የቴሌፎን መሥመር የተሠራም አለ። የራስን ሲም ከትቶ፣ ደውሎና ኢንተርኔት ከፍቶ ማየት አምስት ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ጥንቃቄ ነው። በአራተኛ ደረጃ መሣሪያው የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ የተቆለፈ አለመሆኑ ይረጋገጥ። ያገለገለ ታብሌት የቀድሞ ባለቤቱ አካውንት ሳይወጣበት ከተሸጠ፣ እንደገና ሲሰናዳ ያንን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ በእጅ የቀረው መስተዋት ብቻ ነው። ስለዚህ በገዢው ፊት ሁሉም ነገር ተደምስሶ እንደ አዲስ ይከፈት።

በአምስተኛ ደረጃ ባትሪው ይመርመር። የስምጥ ሸለቆ ነጋዴ ከደጋው ነጋዴ የበለጠ ለዚህ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። የሊቲየም ባትሪ በሙቀት ይጎዳል፤ ከመተሐራ በረሓ አንሥቶ እስከ አዳማ ቆርቆሮ ሱቆች ድረስ ያለው የቀን ሙቀት፣ በፀሐይ ፊት የተቀመጠን ታብሌት ዕድሜ ያሳጥራል። አዲስ ነው ተብሎ ዓመታት በመጋዘን የተቀመጠም ባትሪው ሳይሠራ ያረጃል። ለሕዝብና ቤት ቆጠራ ተብለው ከ150 ሺህ የሚበልጡ ታብሌቶች ለአገራችን ተገዝተው ሳለ፣ ቆጠራው ደጋግሞ ተራዝሞ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ለሌላ ጊዜ መተላለፉ ይታወሳል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ጨው በጎተራ ቢቆይ ጨው ነው፤ ታብሌት ግን በካርቶን ውስጥም ሆኖ ያረጃል የሚል ነው። የተሠራበትን ዓመት ሳይጠይቁ «አዲስ ነው» በሚለው ቃል ብቻ መግዛት አይገባም።

እስከዚህ የተነገረው ለራሱ ሥራ ለሚገዛው ሰው ነው። አስመጪውና ጅምላ ነጋዴው ግን ከዚህ የከበደ ኀላፊነት አለባቸው። ስሙ ያልታወቀ ታብሌት በብዛት በዝቅተኛ ዋጋ ሲቀርብላቸው፣ ትርፉ በወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ነው። ዕቃው በጅቡቲ ወደብና በሞጆ ደረቅ ወደብ አልፎ መደርደሪያ ላይ ሲደርስ፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ካርቶኖች በፍጥነት ይሸጣሉ። ከሁለት ወር በኋላ ግን «መተግበሪያው አልከፍት አለ፤ ቻርጀሩ ጠፋ፤ መስተዋቱ አልተገኘም» የሚል ገዢ በሱቁ በር ይቆማል። ያን ጊዜ የቀረው ክምችት በግማሽ ዋጋም የሚፈልገው አይገኝም። ኤችፒና ብላክቤሪ ያን ያህል ኪሣራ ሊሸከሙ ችለዋል፤ ከአንድ ሱቅ የሚተዳደር ቤተሰብ ግን አይችልም።

በዚህ ረገድ ሕግም የሚለው አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። እንግዲህ «ዋጋው ለምን ወረደ?» ብሎ ለሚጠይቅ ገዢ እውነተኛውን ምክንያት መንገር ቸርነት ሳይሆን ግዴታ ነው። «ይህ ታብሌት የጉግል አገልግሎት የለውም፤ ለንባብና ለመዝገብ ግን ይበቃል» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ምናልባት በዕለቱ አንድ ገዢ ያጣ ይሆናል። ያንኑ ደብቆ የሚሸጠው ግን፣ ገዢውን፣ የገዢውን ጎረቤትና የጎረቤቱን ዘመድ ያጣል። እንደ አዳማ ባለ፣ ሰው ሁሉ በአንድ ገበያ በሚገናኝበት ከተማ፣ የነጋዴ ስም ከሸቀጡ ሁሉ የበለጠ ካፒታል ነው።

ታዲያ ፍርዱ ምን ይሁን? ሥራው ጠባብና የታወቀ ከሆነ፣ ማለትም የዕቃ ዝርዝር ለማሳየት፣ ሰነድ ለማንበብ፣ የዕለት ሽያጭ ለመደመር ከሆነ፣ ከላይ የተዘረዘረውን ምርመራ ያለፈ ቅናሽ ታብሌት መግዛት አያስነውርም፤ እንዲያውም ያስመሰግናል። የሱቁ ገንዘብ ሁሉ የሚተላለፍበት፣ የዱቤው መዝገብ ሁሉ የሚቀመጥበት ብቸኛ መሣሪያ እንዲሆን ከሆነ ግን መግዛቱ አይመከርም። በየትኛውም ታብሌት ላይ ቢሆን የዱቤው ሂሳብ በየሳምንቱ በወረቀት ቢገለበጥ መልካም ነው፤ ታብሌት ተበላሸ ብሎ ዕዳውን በራሱ ፈቃድ የሚያስታውስ ባለዕዳ እምብዛም አይገኝምና።

ከዚህም በላይ የወለንጪቲው ምሳሌ አንድ መንገድ ያመለክታል። አሥር ወይም ሃያ ባለሱቆች፣ ዕቁብ እንደሚጥሉት ሁሉ፣ ተስማምተው አንድ ዓይነት ቅናሽ ታብሌት በአንድነት ቢገዙ፣ ብቸኝነቱ ይቀራል። አንዱ ያወቀውን ለሌላው ያስተምራል። ሁለት ተጨማሪ ታብሌት በጋራ ገንዘብ ገዝተው ለመለዋወጫ ቢያስቀምጡ፣ የተሰነጠቀ መስተዋትና የደከመ ባትሪ ይተካል። ከአንድ ጠጋኝ ጋር ውል ቢይዙ ያ ሰው ዕቃውን ያጠናዋል። በጅምላ ስለሚገዙም ከሻጩ ዘንድ የተሻለ ዋጋና የጽሑፍ ዋስትና ለመጠየቅ ይችላሉ። ዓለም ዝና የነፈገውን ዕቃ እነርሱ በገበያቸው ውስጥ ዝና ያበጁለታል ማለት ነው።

የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ነጋዴዎች በዕቁብና በማኅበር ተደጋግፈው ሱቅ ያቆሙ፣ መኪና የገዙ፣ ልጆች ያስተማሩ ሰዎች ናቸው። ይህን የቆየ ልማድ ለአዲሱ መሣሪያ ግዢም ቢያውሉት፣ ቅናሹ በእርግጥ ቅናሽ ሆኖ ይገኛል። እስከዚያው ድረስ ግን ብቻውን ወደ ገበያ የሚወጣ ገዢ የራሱን ሲም ካርድ በኪሱ ይዞ ይሂድ፤ መሣሪያው በፊቱ እንዲከፈት ይጠይቅ፤ የተሠራበትን ዓመት ያንብብ፤ ደረሰኙንም ሳይቀበል ከሱቁ አይውጣ።